ቴ ታሪክና አራት ጋዜጣ፦ ማሌዥያን በምርጫዋ ሰሞን

ማሌዥያ የሄድኩት ምርጫ ልታዘብ አልነበረም። እዚያ የሚማረው የእህቴ ልጅ በስልክ ድምፁ ቀዝቅዞባት እናቱ «ሂድና ዓይኑን አይተህልኝ ና» ስትለኝ፣ እኔም ከጋዜጣ አርታኢነት ጡረታ ወጥቼ እጄ ሥራ ፈትቶ ስለነበር፣ እሺ አልኩ። ፓርላማቸው መበተኑንና ምርጫው እኔ በገባሁ በሦስተኛው ቀን መሆኑን ያወቅሁት ትኬቱን ከቆረጥኩ በኋላ ነው። ልጁ ደህና ነው፤ የቀዘቀዘው ድምፁ ሳይሆን ስልኩ ኖሯል። የቀረው አሥራ አንድ ቀን ግን ለእኔ ሆነ።

ኅዳር 7 ቀን 2015 ዓ.ም.፣ ኳላ ላምፑር

ከአውሮፕላን ማረፊያው እስከ ከተማው ያለው መንገድ ለስላሳ ነው፤ ስለ መንገዱ ከዚህ በላይ የምለው የለኝም። ዓይኔን የያዘው ባንዲራው ነው። በየድልድዩና በየአጥሩ፣ ልብስ የተሰጣ ይመስል፣ ሚዛን ያለበት ሰማያዊ፣ ነጭ ጨረቃ ያለበት አረንጓዴ፣ ቀይ ደግሞ በመካከል። አንዱ ፓርቲ የሌላውን ሳያወርድ ከላዩ ላይ ደርቦ ሰቅሏል።

ማታ የእህቴ ልጅ «ማማክ» ወደሚሉት ምግብ ቤት ወሰደኝ። ዘራቸው ከደቡብ ሕንድ የሆነ የታሚል ሙስሊሞች የሚያስተዳድሩት፣ ሌሊቱን ሙሉ የማይዘጋ፣ የላስቲክ ወንበር አስፋልት ድረስ የሚያወጣ ቤት ነው። ሮቲ ቻናይ የሚሉት የተነባበረ ቂጣ ከምስር ወጥ ጋር 2 ሪንጊት፤ በዚያን ሰሞን በባንክ ዋጋ አንድ ሪንጊት ወደ 12 ብር ነበር። ከዚያ «ጋሼ፣ ታሪክ ይጠጣሉ?» አለኝ። ሻዩን «ቴ ታሪክ» ይሉታል፤ «ታሪክ» በእነርሱ ቋንቋ መጎተት ማለት ነው። ቀጂው አንዱን ጣሳ ከራሱ በላይ ያነሳል፣ ሌላውን ከወገቡ በታች ያወርዳል፣ በወተት የቀላው ሻይ በአየር ላይ እንደ ገመድ ተዘርግቶ ከታች አረፋ ይሠራል። አምስት ስድስት ጊዜ አገላበጠው፤ አንዲት ጠብታ መሬት አልነካችም። ሻዩ ግሩም ነው። ቡናቸውን ግን አልምራቸውም፤ ፍሬውን ከስኳርና ከማርጋሪን ጋር እስኪከስል ቆልተው፣ የጣሳ ወተት ጨምረውበት፣ ይዞ ለሚሄድ ሰው በላስቲክ ከረጢት በሲባጎ አስረው ይሰጣሉ። የጅማ ሰው ቢያይ ፖሊስ ይጠራል።

ኅዳር 8፣ ኳላ ላምፑርና ፔታሊንግ ጃያ

ጠዋት ባቡር ጣቢያው አጠገብ የጋዜጣ መደብር አገኘሁ፤ ሱስ ነውና ቆምኩ። በአንድ ጣውላ ላይ አራት አገር ተደርድሯል፦ የማላይኛ፣ የቻይንኛ፣ የታሚልና የእንግሊዝኛ ጋዜጦች። ከየዓይነቱ አንድ አንድ ገዛሁ፤ ለአራቱ ሰባት ሪንጊት ያህል። ማንበብ የምችለው አንዱን ብቻ ነው፤ ስለዚህ የቀረውን የሚያነብልኝ ሰው እየፈለግሁ መዞር የጉዞዬ ሥራ ሆነ።

ማላይኛውን የእህቴ ልጅ በተሰባበረ ችሎታው ሞከረው፤ ስለ ማላዮች አንድነትና ስለ ሃይማኖት ክብር የተደረገ ንግግር ፊት ገጹን ይዟል። ቻይንኛውን ያነበቡልኝ የቤቱ አከራይ፣ ጡረተኛ መምህርት ናቸው፤ ሁሉም ሰው «አንቲ» ይላቸዋል፤ እኛ እትዬ እንደምንለው የማያውቁትን ትልቅ ሰው አክስትና አጎት ማለት እዚያም አለ። የእርሳቸው ጋዜጣ የሚያወራው ስለ ኑሮ ውድነትና ስለ ቻይንኛ ትምህርት ቤቶች ነው። ታሚሉን የማማኩ ገንዘብ ተቀባይ ቆሞ አነበበልኝ፤ በእርሱ ጋዜጣ ላይ ትልቁ ወሬ የአንድ ቤተ መቅደስ መሬት ነው። ቀኑ አንድ፣ ምርጫው አንድ፣ ግን ሦስቱ አንባቢዎች በሦስት አገር ያደሩ ይመስላሉ።

አንቲ መነጽራቸውን አውልቀው አንድ ነገር ነገሩኝ። እ.ኤ.አ. ጥቅምት 1987 (የአገሪቱን ታሪክ ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያኑ አቆጣጠር ነው የምጽፈው) አንድ ጠዋት ሲን ቹ፣ የቻይንኛ ጋዜጣቸው፣ ሳይመጣላቸው ቀረ። ጋዜጣ አዳይ ልጅ ታሞ መስሏቸው ነበር። መንግሥት ከመቶ በላይ ሰው ያለ ፍርድ ባሠረበት በዚያ ሰሞን የሲን ቹን፣ የእንግሊዝኛውን ዘ ስታርንና የማላይኛውን ዋታንን ፈቃድ ነጥቋል። ለሕትመት ፈቃድ የሚያስገድደው ሕግ የ1984 ነው፤ በየዓመቱ ማሳደስ የቀረው ከብዙ ጩኸት በኋላ በ2012 ነው። ከዚያም በላይ ትልልቆቹ ጋዜጦች ለዘመናት በገዢዎቹ ፓርቲዎች እጅ ነበሩ፤ የማላዮቹ ፓርቲ ኡምኖ ኡቱሳን የተባለውን የማላይኛ ጋዜጣ፣ የቻይናዎቹ ፓርቲ ዘ ስታርን። የኡቱሳን ጋዜጠኞች በ1961 «ፓርቲው አይግዛን» ብለው ሦስት ወር ሥራ አቁመው ነበር። ተሸነፉ። አርታኢያቸው ሰዒድ ዘሃሪ በኋላ ሲንጋፖር ውስጥ 17 ዓመት ታስሯል። ይህን ስሰማ ሻዬ ቀዘቀዘ።

ፔታሊንግ ጃያ የሄድኩት ማሌዥያኪኒን ፍለጋ ነው። በ1999 በኢንተርኔት ብቻ የተጀመረ የዜና ማሰራጫ ነው። ጠቅላይ ሚኒስትር ማሃቲር ሞሃመድ የውጭ ባለሀብት ለመሳብ ሲሉ ኢንተርኔትን ሳንሱር እንደማያደርጉ ቃል ገብተው ስለነበር፣ ወረቀት የከለከለው ሕግ በዚያ በኩል ክፍት ሆኖ ቀረ። ለአዲሱ ቢሮው አንባቢዎች «አንድ ጡብ» በ1,000 ሪንጊት ገዝተዋል። በ2021 የአገሪቱ የመጨረሻው የበላይ ፍርድ ቤት አንባቢዎች በጻፏቸው አስተያየቶች ምክንያት 500,000 ሪንጊት ሲቀጣው አንባቢዎቹ ገንዘቡን በሰዓታት ውስጥ አዋጡት። እኔ በሃያ ዓመት የአርታኢነት ዘመኔ አንባቢ የላከልኝ ትልቁ ነገር የስድብ ደብዳቤ ነው።

ማታ ሆዴ ታመመ፤ ጥፋቱ ቁርስ ላይ የበላሁት ናሲ ሌማክ ነው፤ በኮኮናት ወተት የተቀቀለ ሩዝ ነው፣ አጠገቡ ያለው ሳምባል ግን ከሚጥሚጣችን አያንስም። በየሰፈሩ ካሉት ትንንሽ ክሊኒኮች አንዱ ጋ ሄድን። ነርሷ ስም፣ ዕድሜና «ባንግሳ» የሚል ቅጽ ሰጠችኝ። ባንግሳ ዘር ነው። አራት ሣጥን፦ ማላይ፣ ቻይና፣ ሕንድ፣ «ላይን ላይን»። የመጨረሻው «ሌሎች» ማለት ነው። ለሆድ ቁርጠት ይህ ምን ይሠራል? ብዬ ልስቅ ነበር፤ ከዚያ የቀበሌ መታወቂያዬ ላይ «ብሔር» የሚል መስመር እንዳለ ትዝ አለኝና ዝም ብዬ ላይን ላይን ላይ ምልክት አደረግሁ። መድኃኒቱን ጨምሮ 60 ሪንጊት።

ኅዳር 9፣ ወደ ፔናንግ

የባቡር ትኬት አልቋል። እዚያ ሰው ድምፅ የሚሰጠው በተመዘገበበት አድራሻ ስለሆነ ምርጫ ማለት «ባሊክ ካምፑንግ»፣ ወደ ትውልድ መንደር መመለስ ነው። የአውቶቡስ መናኸሪያው የፋሲካ ዋዜማ የአዲስ አበባን መናኸሪያ ያስንቃል፤ ዶሮው ብቻ የለም። በ40 ሪንጊት የገዛሁት ወንበር ቁጥሩ 17 ነበር፤ አንዲት ወይዘሮም 17 የሚል ትኬት ይዘው ቆሙ። ረዳቱ ሁለቱንም ትኬት ደጋግሞ አየና ትከሻውን ነቀነቀ። መጨረሻው እኔ ከሾፌሩ ጎን በምትታጠፍ ወንበር ዘጠኝ ሰዓት ተቀመጥኩ፤ መንገዱ አምስት ሰዓት ነው ተብሎ ነበር። ወይዘሮዋ አዘኑልኝና በሙዝ ቅጠል የተጠቀለለ ሩዝ ሰጡኝ። ሳምባሉን በጥንቃቄ ወደ ጎን አደረግሁት።

ኅዳር 10፣ የምርጫው ዕለት፣ ፐርማታንግ ፓው

በፔናንግ ደሴት ባለችው ከተማ በጆርጅ ታውን በ70 ሪንጊት ንጹሕ አልጋ ያዝኩ። የእንግዳ ማረፊያው ባለቤት፣ ሰባ ያለፋቸው «አንክል»፣ ምርጫ ለማየት ከሆነ ደሴቲቱ ላይ ውጤቱ የታወቀ ነው፤ ማዶ ተሻገር አሉኝ። ጀልባው ያን ጊዜ ከደሴቲቱ ሲወጡ አያስከፍልም ነበር፤ የሚከፈለው ሲመለሱ ነበር።

ፐርማታንግ ፓው ከ1982 ጀምሮ የተቃዋሚው መሪ የአንዋር ኢብራሂም ቤተሰብ የፓርላማ ወንበር ነው፤ እርሱ ሲታሰር ሚስቱ፣ ከዚያም ልጁ ኑሩል ኢዛ ይዘውታል። ዘንድሮ አባት በሌላ ቦታ፣ በታምቡን ሲወዳደር ልጅቱ እዚህ ቆማለች። የምርጫ ጣቢያው ትምህርት ቤት ነው፤ እኔ ከበሩ ማለፍ ስለማልችል ኮኮናት ሻጭ ጥላ ሥር ተቀምጬ ሰው እያየሁ ዋልኩ።

ያየሁትን ላስረዳ። መራጩ «ሳሉራን» በሚባል ሰልፍ ይከፈላል፤ ቃሉ ቦይ ማለት ነው። አከፋፈሉ በዕድሜ ነው፤ አንደኛው ቦይ የሽማግሌዎች፣ የመጨረሻው የወጣቶች። የመራጭነት ዕድሜ ወደ 18 ወርዶ ምዝገባውም በራሱ እንዲሆን ስለተደረገ መራጩ ወደ 21 ሚሊዮን አድጓል፤ ስለዚህ አያት በሩብ ሰዓት መርጣ ጣቷን በሰማያዊ ቀለም ነክራ ስትወጣ የልጅ ልጇ የመጨረሻው ቦይ ውስጥ ገና ፀሐይ ይመታዋል። አንዲት አሮጊት ወጥተው የልጅ ልጃቸውን ሲጠብቁ ሁለት ኮኮናት ጠጥተው ጨረሱ። ቆጠራውም በየቦዩ ነው። ማታ ላይ እያንዳንዱ መንደር ሽማግሌው ማንን፣ ወጣቱ ማንን እንደመረጠ ያውቃል። እኔ ይህን ሳስበው ጥቂት ደነገጥኩ፤ በእኛ ቤት አባትና ልጅ ማዕድ የሚለያይበት ወሬ ነው።

ሌሊቱን ከአንክል ጋር ቴሌቪዥን ስር አደርን። የወጣቶቹ ቦይ በብዙ የማላይ መንደሮች ወደ አረንጓዴው፣ ወደ እስላማዊው ፓርቲ ወደ ፓስ አጋደለ። ኑሩል ኢዛ ተሸነፈች። የ97 ዓመቱ ማሃቲር ላንግካዊ ላይ ለመወዳደር ያስያዙትን ገንዘብ እንኳን አጡ። አንክል ሁለት ጊዜ «አያ!» አሉና ተኙ።

ኅዳር 11፣ ጆርጅ ታውን

ጠዋት ሒሳቡ ይህ ነው፦ ከ222 ወንበር የአንዋር ጥምረት 82፣ ፓስ ያለበት የቀድሞው ጠቅላይ ሚኒስትር የሙህዪዲን ያሲን ጥምረት 73፣ ከነፃነት ጀምሮ እስከ 2018 ድረስ 61 ዓመት ሳይወርድ የገዛው የኡምኖ ጥምረት፣ ባሪሳን፣ 30። መንግሥት ለመመሥረት 112 ያስፈልጋል፤ ማንም የለውም።

አራቱን ጋዜጣ ይዤ በመስጊድ ካፒታን ክሊንግ ጎዳና ላይ ዞርኩ። በአንዱ መንገድ ላይ መስጊዱ፣ የሂንዱው ቤተ መቅደስ፣ የቻይናዎቹ የኩዋን ዪን ቤተ መቅደስና የአንግሊካኑ ቤተ ክርስቲያን ተከታትለው ቆመዋል። ቱሪስቱ ፎቶ ያነሳል፤ የከተማው ሰው ግን በዚያ ቀን ዓይኑ ስልኩ ላይ ነበር። ቻር ኩዌይ ቲያው (ከሰል ላይ በብረት ምጣድ የሚታመስ የሩዝ ፓስታ ከሽሪምፕ ጋር፣ 8 ሪንጊት) እየበላሁ ሳለ የጠረጴዛ ጎረቤቴ የሆነች ወጣት ስልኳን አዞረችልኝ። ቲክቶክ ነው። «ግንቦት 13» ይላል አለችኝ፤ የአውሮፓውያኑን ግንቦት ነው። በ1969 ከምርጫ በኋላ በኳላ ላምፑር ማላዮችና ቻይናዎች ተጋጭተው በመንግሥት ቁጥር እንኳን 196 ሰው የሞተበት ቀን ነው። ፓርላማው እስከ 1971 ተዘጋ፤ ለማላዮችና ለሌሎች ነባር ሕዝቦች፣ ቡሚፑትራ ለሚሏቸው፣ በትምህርትና በንግድ ቅድሚያ የሚሰጠው ፖሊሲ የወጣውም ከዚያ ወዲህ ነው። አሁን በዚያች ወጣት ስልክ ላይ ያንን ቀን የሚያስታውስ ማስፈራሪያ በሙዚቃ ታጅቦ ይሽከረከራል። ፖሊስም አስጠንቅቆ ነበር። ልጅቷ ፓስታውን ሳትጨርስ «እናቴ ዛሬ አትውጪ ብላኝ ነበር» ብላ ተነሣች።

ከሦስት ቀን በፊት ያደነቅሁት ክፍት የኢንተርኔት መንገድ፣ ይህም ይመጣበታል። የ1987ቱ ዝምታ ደግሞ አይናፍቀኝም። በሁለቱ መካከል ምን እንደምል አላውቅም፤ አራቱም ጋዜጣዎች ግን በዚያን ዕለት ጠዋት ስለ ቲክቶኩ አንድም ቃል አልነበራቸውም።

ኅዳር 12፣ የሚካኤል ዕለት፣ ወደ ኮታ ባሩ

ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚሻገረው መንገድ ከገሪክ በኋላ ጥቅጥቅ ያለ ጫካ ውስጥ ይገባል፤ የዝሆን ሥዕል ያለበት የማስጠንቀቂያ ምልክት አለው። ዝሆን አላየሁም። ዝናብ ግን አየሁ፤ የክረምታቸው ወራት ነው። አንድ ትልቅ ዛፍ መንገዱን ዘግቶ ሦስት ሰዓት ቆምን። ሾፌሩ ብስኩት አደለን፤ ከኋላ የነበሩ ወታደር የመሰሉ ሁለት ሰዎች መጋዝ ይዘው ወረዱ። አገር ቤት ቢሆን ሚካኤልን የዘከረ አንድ ሰው አይጠፋም ነበር ብዬ ቆሎዬን ከቦርሳ አወጣሁና አውቶቡሱን አዞርኩ። ሰው ሁሉ ገብሱን ወደደው፤ ሱፉን ግን ከነልጣጩ ቆረጠሙት።

ኅዳር 13፣ ኮታ ባሩ

ክላንታን፣ ኮታ ባሩ ዋና ከተማዋ የሆነችው ግዛት፣ ከ1990 ጀምሮ በፓስ እጅ ናት፤ ዘንድሮም 14ቱም የፓርላማ ወንበሮች ለእነርሱ ጥምረት ሄደዋል። የየሱቁ ስም በጃዊ፣ ማላይኛን በሚጽፉበት በዐረብ ፊደል ጭምር ይጻፋል፤ የወሎ ሸሆች አማርኛውን በአጀም እንደጻፉት ማለት ነው። በሲቲ ኻዲጃ ገበያ ውስጥ ነጋዴው ሁሉ ሴት ነው ማለት ይቀላል፤ ከፎቁ ሆኖ ወደ ታች ላየ በአትክልት ክምር መካከል የተቀመጡት እናቶች የመርካቶ እህል በረንዳን ያስታውሳሉ። እዚያ ናሲ ከራቡ በላሁ፤ ሩዙ በአበባ ተቀቅሎ ሰማያዊ ሆኗል። ከዓሣ የሚብላላ ቡዱ የሚሉት ማጣፈጫ አለው፤ ሽታው ለእኔ አልሆነም፤ ሻጯ ፊቴን አይተው እስኪያነቡ ሳቁ።

ውኃ ልገዛ ሱፐርማርኬት ገብቼ አጭሩን ሰልፍ ያዝኩ። ከፊቴም ከኋላዬም ሴቶች ናቸው። ገንዘብ ተቀባይዋ በጨዋነት ወደ ላይ ጠቆመችኝ፤ «ሴቶች» ይላል። የወንዶቹ ለብቻ ነው፣ የቤተሰቡም ለብቻ። ይቅርታ ብዬ ወደ ወንዶቹ ስሄድ አንድ ሽማግሌ እጄን ይዘው ከፊታቸው አስገቡኝ፤ ከየት እንደመጣሁ ጠይቀው «ሐበሻ» ስላቸው የነጃሺን ስም ጠሩ። ከሱቁ ወጥተን ሻይ ጋበዙኝ። የሚያነቡት የፓስን ጋዜጣ ሃራካን ነው። በሕግ የሚሸጠው ለፓርቲው አባላት ብቻ ነው፤ በ2000 መንግሥት በሳምንት ሁለት ጊዜ የነበረውን በወር ሁለት ጊዜ አደረገው። እንግዲህ አንቲ በ1987 የጠፋባቸውን ጋዜጣ ሲያወሩ የነበረው ቁጭት በሽማግሌው ፊት ላይም ነበር። ሁለቱ ቢገናኙ በምርጫው አይስማሙም፤ በዚህ ግን ሳይተዋወቁ ይስማማሉ። ሽማግሌው የቻይንኛ ጋዜጣ አንብበው ያውቁ እንደሆነ ጠየቅኋቸው። «ማን ያነብልኛል?» አሉ።

ኅዳር 15፣ ኳላ ላምፑር

ዘጠኝ ሱልጣኖች በየአምስት ዓመቱ ተራ እየተቀባበሉ ንጉሥ ይሆናሉ፤ አጎንግ ይሏቸዋል። አምስት ቀን ሙሉ አገሪቱ የቤተ መንግሥቱን በር ስታይ ሰነበተች። እኔም ሄጄ ከጋዜጠኞቹ ጀርባ ቆምኩ፤ የካሜራ መቆሚያ፣ የላስቲክ ወንበር፣ የተረፈ ሩዝ፣ ባትሪ ቻርጅ ለማድረግ የሚደረግ ልመና። ናፍቆኝ ነበር። በ2020 የመንግሥት ቀውስ ጊዜ እኚሁ ንጉሥ ለሚጠብቁት ጋዜጠኞች በእጃቸው በርገር አድለዋል፤ ያን ጊዜ የቆሙት ዛሬም «ይመጣ ይሆን?» እያሉ ይቀልዳሉ።

ከሰዓት በኋላ 11 ሰዓት በእኛ አቆጣጠር አንዋር ኢብራሂም ቃለ መሐላ ፈጸመ። በ1998 ከምክትል ጠቅላይ ሚኒስትርነት ከተባረረ፣ በእስር ቤት ዓይኑ በቡጢ ከጠቆረ 24 ዓመት ሆኖታል። የቤተሰቡን ወንበር ባጣ በአምስተኛው ቀን አገሩን አገኘ። ከጎኔ የነበረ የፎቶ ጋዜጠኛ አላጨበጨበም፤ ሌንሱን እየጠረገ «ሰኞ ዕረፍት ነው» አለኝ። እውነትም አዲሱ ጠቅላይ ሚኒስትር ሰኞን ሥራ ዝግ አድርጎ ነበር።

ኅዳር 17፣ ኩቺንግ

ሳራዋክ በባሕር ማዶ፣ በቦርኒዮ ደሴት ላይ ናት። በረራው የአገር ውስጥ ነው፤ ስንደርስ ግን ፓስፖርት አምጡ ተባልን። መሳቂያዬ ከፊቴ የቆመው የኳላ ላምፑር ሰው ነው፤ እርሱም በራሱ አገር ከ90 ቀን የማይበልጥ ፈቃድ ተሰጥቶት ገባ። ሳራዋክና ጎረቤቷ ሳባህ በ1963 ከማላያ (ከዛሬው የአገሪቱ ምዕራብ ክፍል) ጋር ሲጣመሩ የመግቢያ ፈቃድን ጉዳይ በእጃቸው አስቀርተዋል። አሁን ደግሞ የሳራዋኩ ጥምረት 23 ወንበር ይዞ አዲሱን መንግሥት ደግፏል።

የታክሲው ሾፌር ከሳራዋክ ነባር ሕዝቦች አንዱ ከሆነው ከቢዳዩህ ወገን ነው። የድመት ሐውልት አሳየኝ፣ የኮኮናት ወተትና ሽሪምፕ ያለበት ላክሳ በ9 ሪንጊት አብረን በላን። የክሊኒኩን ቅጽ ነገርኩት። ሳህኑን ገፋ አድርጎ «እኔ በራሴ አገር፣ እዚህ የተወለድኩት፣ ስንት ቅጽ ላይ ላይን ላይን ሆኜ ኖሬአለሁ» አለና ለአንድ ደቂቃ ያህል ዝም አለ። ከዚያ ሒሳቡን እከፍላለሁ ብሎ ተጋፋኝ፤ አሸነፈኝ።

ኅዳር 18፣ መመለሻ

ሻንጣዬ አራት ኪሎ ተርፎ ሚዛን ላይ ቀረ። የተረፈው ጋዜጣ ነው፤ አርባ ሁለት ጋዜጣ። ጫማዬን አውጥቼ ለእህቴ ልጅ ሰጠሁት፤ ወረቀቱን ይዤ መጣሁ። አሁን በሦስት ቋንቋ የማላነበው ክምር ቤቴ ተቀምጧል። ባለቤቴ ትናንት በርበሬ ማስጫ አጥታ ከመካከሉ ሁለት ገጽ ወስዳለች፤ ግቢው ውስጥ ቻይንኛውና ታሚሉ ጎን ለጎን ተዘርግተዋል፤ ዳር ላይ አንዋር ቃለ መሐላ ሲፈጽም የሚያሳየው ፎቶ ወገቡ ድረስ ዛላ ለብሷል።